ባለሦስት እግሩን ረከቦት እንዴት እንደሳልኩት

ደሴ መናኸሪያ አካባቢ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት አሉ። እትዬ ነው የምላቸው። ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ እሳቸው ጋ አንድ ስኒ ሳልጠጣ አላልፍም። ረከቦታቸው አራት እግር ነበረው። የሚቀመጠው ኮብልስቶን ላይ ስለሆነ አንዱ እግር ሁልጊዜ አየር ላይ ነው። ከሥሩ የተጣጠፈ ካርቶን ይወትፉበታል። ክረምት ሲገባ ካርቶኑ ይበሰብስና ስኒዎቹ እርስ በርስ ይንኳኳሉ።

ሥራዬ ዕቃ መንደፍ ነው። ኮምቦልቻ ላሉ ብየዳ ቤቶች መደርደሪያ፣ ወንበር፣ የሱቅ ጠረጴዛ እነድፋለሁ። አንድ ቀን «እትዬ፣ የማይነቃነቅ ረከቦት ልሥራልዎት?» አልኳቸው።

«አብሽሪ ልጄ፣ ለምጄዋለሁ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ግን ብትሠሪልኝ አልጠላም» አሉኝ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሦስት እግር ያለው ዕቃ መሬቱ ምንም ቢሆን አይነቃነቅም። ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ ቦታውን ያገኛል፤ ጣጣ የሚያመጣው አራተኛው ነው። ጉልቻም ሦስት ነው። ማታ ዕቃቸውን ተሸክመው ስለሚገቡ ደግሞ እግሩ መታጠፍ አለበት። ሦስት ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) መሃል ላይ ተጠላልፈው የሚከፈቱና የሚዘጉ፣ ላዩ ላይ የሚነሳ ትሪ። በቃ።

ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ሳልኩት። በጣም ያማረ ሥዕል ወጣው። ባለቀለም እርሳስ፣ ጥላ፣ ከጀበናው የሚወጣው እንፋሎት ሳይቀር። ትሪው ላይ ጥልፍ ያለው ጨርቅ አልብሼ ጫፉን ወደ ታች ለቀቅሁት። ከፊት ለፊት የታየ አንድ ሥዕል ብቻ ነው። ጎኑ ላይ «እግር 40 ሴ.ሜ.» ብዬ ጻፍኩ።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ አብሬያቸው ለምሠራው በያጅ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። የዚያን ቀን ሥራ በዝቶባቸው ስለነበር ትቼላቸው ሄድኩ። ማታ ስመለስ ሦስቱም ብረት 40 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ መሃሉ በሽቦ ታስሯል። ከፍተው አቆሙትና በሜትር ለኩት። ቁመቱ 26 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነ።

«ልጄ፣ የጻፍሽውን ነው የቆረጥኩት» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ ጨርቁ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ከዚህ ሥር ምን አለ? ሦስቱ ብረት በምንድነው የሚያያዘው?»

መልስ አልነበረኝም። እዚያ ቦታ ላይ ምን እንዳለ እኔም አላሰብኩትም ነበር። ጨርቁን የሳልኩት ለውበት ይመስለኝ ነበር። ለካ ያላወቅሁትን ነገር እየሸፈንኩበት ነው።

የ40ው ስህተት እንዲህ ነው። ወደ ተመልካቹ ያዘነበለ እግር ከፊት ለፊት ሲሳል ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። የሚታየው ቁመቱ ብቻ ነው። የእኔ እግር ከላይ ጫፉ እስከ ታች ጫፉ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል፤ ቁመቱ 40 ነው። ስለዚህ የብረቱ እውነተኛ ርዝመት 50 ነው። 3፣ 4፣ 5 ብለን ትምህርት ቤት የተማርነው ሦስት ማዕዘን ማለት ነው። ከጎን አንድ ሥዕል ጨምሬ ቢሆን ኖሮ እግሩ በሙሉ ርዝመቱ ተኝቶ ይታይ ነበር። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥዕል ነው። እሱን ሳልስል ቀርቼ ለእንፋሎቱ ግማሽ ሌሊት ሰጠሁ።

የተቆረጠውን ብረት ሒሳብ ከፈልኩ። ከዚያ አሳሳሌን ከሥሩ እንደገና ጀመርኩ።

መጀመሪያ ላጲሱን አስቀመጥኩት። በእስክሪብቶ ብቻ መሣል ጀመርኩ። ላጲስ ካለ እጅ ይፈራል፤ አንዱን መስመር አሥር ጊዜ እየነካካ ጸጉራም ያደርገዋል። በእስክሪብቶ ግን የተሰመረው ተሰመረ። ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ። እጄን ወረቀቱን ሳላስነካ ከአንዱ ወደ ሌላው ሁለት ሦስት ጊዜ አመላልሳለሁ። ከዚያ አንዴ እሰምራለሁ። ክንዴን የማንቀሳቅሰው ከትከሻዬ ነው፤ አንጓ ብቻውን ከሠራ ረጅም መስመር ይጎብጣል። ዓይኔ ደግሞ የእስክሪብቶውን ጫፍ ሳይሆን የምደርስበትን ነጥብ ነው የሚያየው። ይህን ያወቅሁ ቀን መስመሬ ወዲያው ተቃና።

ቀጥሎ ሳጥን። በየቀኑ አሥር አሥር ሳጥን ሳልኩ። ማንኛውም ዕቃ መጀመሪያ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ነው የሚቀረጸው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ አስቸግሮኛል። የሳጥኑ መስመሮች በሩቅ የሚገናኙባቸውን ሁለቱን ነጥቦች ኤ4 ወረቀቱ ላይ ሳስቀምጣቸው ሳጥኔ ተወጣጥሮ የመርከብ አፍንጫ ይመስላል። ነጥቦቹ መራቅ አለባቸው። አሁን ወረቀቱን የጠረጴዛው መሃል ላይ እለጥፍና ነጥቦቹን በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ጫፍ በፕላስተር ምልክት አደርጋለሁ።

የዓይን ከፍታ ሌላ ጉዳይ ነው። ረከቦትን ቆሞ የሚያየው መንገደኛ ነው። ቡና የሚጠጣው ዱካ ላይ ተቀምጦ ነው። የመጀመሪያ ሥዕሌ የመንገደኛውን ዓይን ይዞ ነበር። ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ስስል ትሪው ጠበበ፣ እግሮቹ ጎልተው ታዩ፣ ያ የሸፈንኩት መጋጠሚያም ፊት ለፊቴ መጣ።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን ጀበና ነው። ቤት ያለውን ጀበና ማቶቱ ላይ አስቀምጬ ለሳምንታት ሳልኩት። ክብ ነገር በሥዕል ክብ አይደለም፤ ሞላላ ይሆናል። ሞላላው ምን ያህል እንደሚጠብ የሚወስነው ከዓይን ከፍታ ምን ያህል ዝቅ ወይም ከፍ እንደሚል ነው። የጀበናው አፍ ለዓይኔ ከፍታ ቅርብ ስለሆነ ጠፍጣፋ ነው። ሆዱ ዝቅ ስለሚል ሰፋ ይላል። ማቶቱ ይበልጥ ይከፈታል። እኔ ሁሉንም እኩል አድርጌ እስል ስለነበር ጀበናዬ ሁልጊዜ ወደ ፊት የሚደፋ ይመስል ነበር። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ከአፉ መሃል እስከ መቀመጫው መሃል ቀጥ ያለ መስመር በቀጭኑ ይሰመራል። የእያንዳንዱ ሞላላ አጭሩ መስመር፣ ማለትም መሃሉን በጠባቡ በኩል የሚያቋርጠው፣ እሱ ላይ መተኛት አለበት። ጀበናው ለመቅዳት ሲያዘነብል መስመሩም ያዘነብላል፤ ሞላሎቹም አብረውት ይዞራሉ። ሌላው ነገር ደግሞ የማይታየውንም ጀርባ መሳል ነው። ጀበናው መስታወት እንደሆነ አድርጎ ሞላላውን ዙሪያውን መጨረስ። ከኋላ ያለው መስመር የት እንደሚያልፍ ሲታወቅ እጀታው የት እንደሚጣበቅ ራሱ ይነግራል።

ጥላና ቀለም ላይ ብዙ አልቆየሁም። ከኋላው ባዶ አየር ያለውን ጠርዝ ወፈር፣ የውስጡን መስመር ቀጠን ማድረግ ብቻውን ዕቃውን ከወረቀቱ ያስነሳዋል። ለብየዳ ቤት ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ሐሳብ ለማውጣት አንድ ኤ4 ወረቀት አራት ጊዜ አጥፋለሁ። ሲዘረጋ 16 ሳጥን ይኖረዋል። በእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ሐሳብ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ሁሉም ሰው የሚያስበው ነው። ጥሩው የሚመጣው ወደ መጨረሻ አካባቢ፣ ሐሳብ አለቀብኝ ሲባል ነው።

ያቺን ባለ16 ወረቀት ለእትዬ ወሰድኩላቸው። የመጀመሪያውን ባለቀለም ሥዕል ሳሳያቸው «ሸጋ ነው» ብለው መልሰውልኝ ነበር። ምንም አልጨመሩም። ይህችን የተዝረከረከች ወረቀት ግን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ብዙ ቆዩ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀዳ አልመለሱልኝም። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ። በሕይወታቸው ስለው የሚያውቁ አይመስለኝም። አንደኛው ንድፍ ጎን ትንሽ ክብ አደረጉ።

«ከሰሉ እዚህ ነው። በቀኜ። ይሄ እግር እዚህ ከወጣ ቀሚሴ ይይዘዋል፤ ከሰሉም ያገኘዋል።»

ይህን በሥዕል ብቻ አላገኘውም ነበር። ያለቀ የሚመስል ሥዕል ሰውን ዝም ያሰኛል። ያላለቀ ሥዕል ግን እጅን ይጠራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ለደንበኛ መጀመሪያ የማሳየው በእስክሪብቶ የተሞነጫጨረውን ነው፤ ከእስክሪብቶው ጋር።

ጋሼም በሌላ መንገድ አስተማሩኝ። በሁለተኛው ዙር ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ ስዬ፣ ልኬቱን ሁሉ ጽፌ ሄድኩ። ወረቀቱን አዩትና ጠመኔ አነሱ። ወለሉ ላይ ረከቦቱን በሙሉ ልኩ ሳሉት። ትሪው ከላይ እንደታየ ክብ ሆኖ፣ እግሮቹ ደግሞ ከጎን እንደታዩ ተዘርግተው። ሁለት እይታ በአንድ ሥዕል። በጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ገበታው ወደ እኛ ዘንበል ብሎ ላዩ ያለው ሁሉ ይታያል። የጋሼ ጠመኔ ያንን አስታወሰኝ። ስህተት ነው ብዬ ላርማቸው አፌን ልከፍት ስል ብረቱን አምጥተው ጠመኔው ላይ አስተኙት። ጫፍና ጫፉን ምልክት አደረጉ። ሜትር እንኳን አላወጡም። 50 ሴንቲ ሜትር ድንቅ አድርጎ ያዘው። ለሚቆርጥ ሰው ትክክለኛው ሥዕል ያ ነው። የእኔ ፐርስፔክቲቭ (ዓይን እንደሚያየው የተሳለው) ለሚገዛው፣ የእሳቸው ጠመኔ ለሚሠራው።

የቀረው መጋጠሚያው ነበር። አንድ ሙሉ ወረቀት ለእሱ ብቻ ሰጠሁት። ከእውነተኛው ሦስት እጥፍ አሳድጌ፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ነጣጥዬ፣ በተራቸው በመስመር አገናኝቼ ሳልኳቸው። ብሎን፣ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ ያለው ክብ ጠፍጣፋ ብረት)፣ ቱቦላሬ፣ ዳዶ። ስስለው ነው ችግሩ የገባኝ። አንድ ቀጥ ያለ ብሎን ሦስቱን ከያዛቸው እንደ መቀስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚከፈቱት። ሦስቱ በሦስት አቅጣጫ መሄድ አለባቸው። ሥዕሉን ይዤ ጋሼ ጋ ተቀመጥኩ። ረጅሙ ብሎን ሁለቱን እግሮች ይያዝ። ሦስተኛውን የሚይዘው ብሎን ራሱ ላይ ቀለበት ይኑረውና ረጅሙ ብሎን በዚያ ቀለበት ይለፍ። ቀለበት ያለው ብሎን ከየት ይምጣ? ጋሼ አንድ ወፍራም ሮንዴላ አንስተው ብሎኑ ራስ ላይ በጠርዙ አቆሙት። በየዱት። ገና ሳይቀዘቅዝ ጠመኔ አንስተው ወረቀቴ ላይ የብየዳውን ቦታ ምልክት አደረጉበት። ያ ወረቀት ከነጥቀርሻው አሁንም ግድግዳዬ ላይ አለ።

ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ሦስት የመጥረጊያ እንጨት በገመድ አስሬ፣ ላዩ ላይ ክብ ካርቶን አድርጌ እትዬ ፊት አቆምኩት። ባዶ ስኒ ደርድረው ለመቅዳት እጃቸውን ዘረጉ። ቁመቱ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር አስቀነሱኝ።

ረከቦቱ አሁን መናኸሪያው ጋ ነው። አይነቃነቅም። ማታ ታጥፎ በማዳበሪያ ከረጢት ይገባል። ባለፈው ሳምንት ግን እትዬ የትሪውን ጠርዝ በጣታቸው እያሳዩ «ዝናብ ሲመታው ውሃው እዚህ ይተኛል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ ሳደርግለት መውጫ አልተውኩለትም። ዛሬ ጠዋት አንድ ወረቀት አራት ጊዜ አጥፌ ጀምሬያለሁ። እስካሁን ዘጠኝ ሳጥን ሞልቷል።