እማማ ባንዳውን በዶሮ ወጥ ያዙት

የምጽፈው ልብ ወለድ ምስጢሩ የሚፈታው መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነው። የእናቴ አክስት እማማ ግን ሁለተኛው ምዕራፍ ሲነበብላቸው፣ አቦሉ እንኳ ሳያልቅ ፈቱት።

ታሪኩ የቆመው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ላይ ነው። ግራዚያኒ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሲያሰጥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት፤ ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ አዲስ አበቤ ታረደ፣ ቤቱም ነደደ። የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ የሟቹን ቁጥር 30,000 ብሏል። በእኔ ልብ ወለድ ቤተሰቡ «አርበኛ ነበሩ» እያለ ፎቶግራፋቸውን ሳሎን የሰቀለላቸው አያት አሉ። ጎረቤቶቻቸውን ለጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የጠቆሙት እሳቸው ናቸው። ያን ቀን የት እንደነበሩ ሲጠየቁ «ሚካኤልን ዘክሬ፣ ቤቴ ዶሮ ወጥ ስበላ» ይላሉ።

ውሸቱ የተቀበረው እዚህ ጋ ነው። ወር በገባ በ12 ሚካኤል ስለሆነ ዝክሩ እውነት ይመስላል። ጾም የሚቆጥር አንባቢም ቢመጣ ይዘናጋል፤ የዚያ ዓመት ነነዌ የገባችው የካቲት 15፣ ሁዳዴ የካቲት 29 ነው። ሁለቱም ገና ናቸው። ችግሩ ዕለቱ ዓርብ መሆኑ ነው! ዓርብነቱን አንደኛው ምዕራፍ ውስጥ በአንድ ደብዳቤ ጣል አድርጌዋለሁ፤ ዶሮዋ ያለችው ሁለተኛው ላይ ነው። ፍንጭ ለሁለት ተከፍሎ ሲራራቅ አንባቢ አያገጣጥመውም ይባላል። ረቂቁን ያነበቡ ጓደኞቼም ዝም ብለው አልፈውታል።

እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ቆይ አንተ ልጅ፣ ቅድም ዓርብ አላልክም? በዓርብ ዶሮ? ያውም ለሚካኤል ዝክር? ባንዳው እሱ ነው። በል ቀጥል።»

ምኑን ልቀጥል! ማታውን ወሬው ለዘመድ ሁሉ ደረሰ፤ ግን ልብ ወለድ የሚለው ቃል መንገድ ላይ ወድቋል። አንዱ «የማንን አያት ነው ባንዳ ያልከው?» ብሎ ደወለ። ሌላዋ ነገሩ የውርስ ቤቱን ክርክር ይነካ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ፎቶ ከግድግዳ ያወረደም አለ (እሱን ለሚቀጥለው መጽሐፍ ይዤዋለሁ)።

ዶሮዋን ማውጣት አይሆንም፣ መጽሐፉ የቆመው በእሷ ነው። ስለዚህ ዓርብን ከደብዳቤው ሰረዝኩና በምትኩ ቀኑን ብቻ የያዘ የጣሊያን ወረቀት አስገባሁ፦ 19 ፌብሯሪ 1937፣ ከጎኑ እንደ ፋሺስቶቹ ልማድ «ዓመት 15»። አሁን አንባቢው ራሱ ወደ እኛ ዘመን ይመልሰው። በየካቲት የሚቀነሰው 8 ዓመት ነው። በልማድ 7 የቀነሰ ሰው 1930 ላይ ያርፋል፤ የ1930 የካቲት 12 ደግሞ ቅዳሜ ስለሆነ ሽማግሌው ነጻ ይወጣሉ። ዶሮ ወጡንም ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አንስቼ በጠላውና በዳቦው መካከል ወሸቅኩት፤ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ነገር ዓይን ይስባል።

ለእማማ አስረዳኋቸው። ጣሊያንኛውንም፣ ስሌቱንም በትዕግሥት ሰሙና «እንዳሰኘህ አድርገው» አሉ። «ብቻ ባንዳው በአባትህ ወገን ይሁን።»