የስሜን ተራሮች የእግር ጉዞ መንገድ ጥቅም፦ የለካሁበት አካሄድና ያስተማረኝ

ከሳንቃበር በጊጭ በኩል ወደ ጨነቅ የሚዘልቀው የእግር ጉዞ መንገድ ሲጠገን ወጪው ምን ጥቅም እንዳስገኘ እንዳጠና ስጠየቅ፣ በቅድሚያ የቀረበልኝ የጎብኚዎች ቁጥር ነበር። ይሁን እንጂ አስጎብኚ፣ ስካውት የሚባለው የታጠቀ አጃቢና በቅሎ በአብዛኛው የሚከፈላቸው በቀን እንጂ በጎብኚ ቁጥር ስላልሆነ፣ አምስት ሰዎች በአንድነት ሲመጡና በየግላቸው ሲመጡ ለአካባቢው የሚገባው ገንዘብ እጅግ ይለያያል። ስለዚህ የቆጠርሁት የሥራ ቀንን ነው።

ቀጥሎ ከክፍያው በአካባቢው የሚቀረውን ለየሁ። ለመኪና ኪራይ፣ ለነዳጅና ከጎንደር ለሚጫን ስንቅ የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በሆነችው ከተማ በደባርቅ አይቆይም። ከቀረውም ላይ ባለበቅሎው በዚያ ቀን በሌላ ሥራ ያገኝ የነበረውን ቀነስሁ፤ የጉብኝቱ ወቅት ሲጀምር የገብስ አጨዳም ስለሚደርስ፣ በኅዳር የሚታጣው የሥራ ቀን በየካቲት ከሚታጣው ይከብዳል። ይህ ቅናሽ ሪፖርቱን ላዘዙት ሰዎች አልጣማቸውም፤ ያለ እርሱ የሚቀርበው ቁጥር ግን ገቢ እንጂ ጥቅም አይባልም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ መንገዱ ባይጠገን ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ወረርሽኙና ጦርነቱ የጎብኚውን ፍሰት ስለቀነሱት፣ ከጥገናው በፊትና በኋላ ያለውን ብቻ ማነጻጸር ጥገናውን ጎጂ ያስመስለዋል። በከፍታና በእርሻ የሚመሳሰሉ፣ ከመንገዱ የራቁ ቀበሌዎችን አብሬ የጠየቅሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ማኅበራዊውን ጥቅም ወደ ብር አልለወጥሁም። ጎብኚ በማይኖርበት ክረምት ተማሪው ትምህርት ቤት፣ ታማሚው ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በዚያው መንገድ ነው፤ የውኃ መውረጃ ቦይ የተሠራለትን ክፍል ካልተሠራለት ጋር በማነጻጸር የጉዞውን ሰዓት ብቻ መዘገብሁ። የገንዘቡን ክፍፍል ግን በየቤተሰቡ ለይቼ አቀረብሁ፤ በቅሎ የሌለው ቤተሰብ፣ በተለይም ሴት የምትመራው፣ በተራ ከሚደርሰው የጭነት ሥራ ውጭ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2016 ከጊጭ ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩትንም በጥናቱ አካተትሁ፤ የግጦሽ መሬታቸውን የለቀቁት ለዚሁ ፓርክ ሲሆን፣ መንገዱ አጠገብ የሚኖረውን ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ እነርሱን አያገኛቸውም።