የትንፋሽ ቁጥር

ከቫይታል ሳይኖች፣ ማለትም ታካሚው ላይ በየጊዜው ከምንለካቸው የሕይወት ምልክቶች፣ ሁሉ አብልጬ የምወደው የትንፋሽ ቁጥርን ነው። ሙቀቱን ቴርሞሜትር ይነግረናል፣ ግፊቱን መሣሪያው ይለካዋል፣ የኦክስጅኑን መጠን ጣት ላይ የምትሰካው ትንሽ ዕቃ ታሳየናለች። ትንፋሽ ግን ሰዓት ይዞ አንድ ደቂቃ ሙሉ አጠገብ የሚቆም ሰው ይፈልጋል። በየዋርዱ በቸልታ የሚታለፈውም ለዚህ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ በልምምድ ላይ ሳለሁ ቻርት ሳገላብጥ የሁሉም ታካሚ ትንፋሽ 20 ተብሎ ተሞልቶ አየሁ። የሳንባ ምች የያዘውም 20፣ በማግስቱ ወደ ቤቱ የሚሄደውም 20። በጣም ነው ያዘንኩት፤ ሲያመኝም ሰነበተ።

ያሳዘነኝ ፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የሰውነትን አሠራር፣ ስለተማርኩ ነው። አናቶሚ (የሰውነት አወቃቀር) ሲባል ብዙዎቻችን ሽምደዳ ይታየናል፤ 206 አጥንት፣ 12 ጥንድ የራስ ቅል ነርቮች፣ ማለቂያ የሌለው የጡንቻ ስም። ያ ሁሉ ያስፈልጋል። ግን አንድ የሰውነት ክፍል ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ የገባን ቀን፣ የተሸመደደው ነገር ከታካሚው አልጋ አጠገብ መናገር ይጀምራል።

ትንፋሽን የሚያዘው ከአንጎል ግንድ ታችኛው ክፍል ያለው ሜዱላ ነው። ትንፋሽ የሚፈጥነው ኦክስጅን ሲያንስ ብቻ የሚመስላቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው። በጤነኛ ሰው ላይ ዋናው ቀስቃሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እሱ ደም ውስጥ ሲበዛ አሲድነት ይጨምራል፤ የደም ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፣ አሲድ ሲበዛ የሚወርድ) ደግሞ ከ7.35 እስከ 7.45 ካለው ጠባብ ክልል እንዲወጣ ሰውነት አይፈቅድም። ስለዚህ ሜዱላ ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ) እና በጎድን አጥንቶች መሃል ያሉትን ጡንቻዎች ያፋጥናል፣ ትርፉ ጋዝም በትንፋሽ ይወጣል። (የድያፍራም ነርቭ የሚነሳው ከአንገት ነው፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው የአንገት ነርቭ። አንገቱ የተጎዳ ሰው ሲመጣ ዓይናችን ቶሎ ደረቱ ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው።)

ይህ ከገባን ብዙ ነገር ይከፈታል። ደም እየፈሰሰው ያለ ሰው ሰውነቱ የደም ስሮቹን አጥብቦ፣ ልቡን አፍጥኖ ግፊቱን ለጊዜው ደህና ሊያስመስለው ይችላል። ሕዋሳቱ ግን በቂ ኦክስጅን ስለማያገኙ አሲድ ያመርታሉ፣ ትንፋሹም ይፈጥናል። ግፊቱ ሳይወርድ ትንፋሹ ቀድሞ ሊናገር ይችላል ማለት ነው። የስኳር ሕመምተኛ ደሙ በኬቶን አሲድ (ኢንሱሊን ሲጎድል ከስብ መቃጠል በሚመጣ አሲድ) ሲሞላም እንዲሁ ነው፤ ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል በ1874 የገለጸው፣ እስከ ዛሬም በስሙ የሚጠራው ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ ይመጣል። ያን ጊዜ ጣት ላይ ያለችው መሣሪያ 98 በመቶ ኦክስጅን ብታሳይ አይገርምም። ኦክስጅኑ አልጎደለም፤ የተቃወሰው አሲዱ ነው።

ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን የሂሳቡ ነገር ነው። አንድ አዋቂ ተረጋግቶ ሲተነፍስ በአንድ ጊዜ 500 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ያስገባል። ከዚህ ውስጥ 150 ያህሉ በመተንፈሻ ቧንቧዎች ውስጥ ስለሚቀር ጋዝ አይለዋወጥም፤ ልውውጡ ያለው ቧንቧዎቹ መጨረሻ ላይ ባሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ነው። በደቂቃ 12 ጊዜ ቢተነፍስ በጠቅላላው 6 ሊትር ያስገባል፣ ከረጢቶቹ ጋ የሚደርሰው 4.2 ሊትር ነው። አሁን ደረቱን እያመመው ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ 250 ሚሊ ሊትር ብቻ እየሳበ በደቂቃ 24 ጊዜ ተነፈሰ እንበል። ጠቅላላው አሁንም 6 ሊትር ነው። ከረጢቶቹ ጋ የሚደርሰው ግን 2.4 ሊትር ብቻ! ይህን ወረቀት ላይ ያሰላሁ ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከቀዶ ሕክምና የወጣን ሰው «በደንብ ሳብ አድርገው ይተንፍሱ» የምንለው ለወጉ አይደለም። ቁጥሩን ስንጽፍ ጥልቀቱንም ማየት ያለብን ለዚህ ነው።

አቆጣጠሩ ራሱ ጥበብ አለው። «አሁን ትንፋሽዎን ልቆጥር ነው» የተባለ ሰው ሳያውቀው አተነፋፈሱን ይለውጣል። ስለዚህ የእጅ አንጓቸውን ይዤ የልብ ትርታቸውን ከቆጠርኩ በኋላ እጄን ሳላነሳ ዓይኔን ወደ ደረታቸው አዞራለሁ። ደረት ወጥቶ ሲወርድ አንድ ነው። በቅርቡ አንድ አዛውንት ላይ እንዲሁ ቆሜ ስቆጥር ከአንገታቸው ሥር፣ ከደረት አጥንታቸው በላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ስትሳብ አየሁ፤ የአፍንጫቸው ክንፎችም ይከፈቱ ነበር። ቁጥሩ 28 ነበር። ለአዋቂ የሚጠበቀው ከ12 እስከ 20 ነው። «ደህና ነኝ ልጄ» ይሉኛል፣ ግን ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ያርፋሉ። ሄጄ ለኃላፊዋ ነርስ ነገርኳት፣ አልጋውን ቀና አደረግንላቸው፣ ሐኪሙም መጣ።

ስለ ቃላቱ ብዙ አልጨነቅም። ታኪፕኒያ ፈጣን፣ ብራዲፕኒያ ዘገምተኛ፣ አፕኒያ የትንፋሽ መቋረጥ፤ ታኪና ብራዲ ደግሞ ወደ ልብ ምዕራፍ አብረውን ይሄዳሉ። ቃሉ ቢጠፋኝ እንኳ ያየሁትንና የቆጠርኩትን በትክክል ከጻፍኩ የሚቀጥለው ፈረቃ ይረዳኛል።

የሚቀጥለው ንባቤ ኩላሊት ነው። ሳንባ የአሲዱን መዛባት በደቂቃዎች ውስጥ ማስተካከል ሲጀምር ኩላሊት ሰዓታትና ቀናት ይወስድበታል፣ ግን ሥራውን የሚያጸናው እሱ ነው። በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራል፣ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው፤ ሌላው ወደ ደም ይመለሳል። የሽንት መጠን መመዝገቢያው ቅጽም እንደ ትንፋሹ በግምት ሲሞላ አይቻለሁ። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር እንዲሸና ይጠበቃል፤ ከዚያ እያነሰ ከሄደ ቶሎ ማሳወቅ የነርሷ ድርሻ ነው።