ታጣፊ ስልክ ያዋጣል? እንዴት እንደወሰንኩና ምን እንደተማርኩ

የምሠራው ትርጉምና አርትዖት ነው። አንድ ሰነድ ስይዝ ሁለት ነገር ጎን ለጎን መታየት አለበት፤ በአንድ በኩል ዋናው ጽሑፍ፣ በሌላ በኩል የእኔ ረቂቅ። ላፕቶፕ ላይ ሲሆን ችግር የለውም። ሥራው ግን ሁልጊዜ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጬ አያገኘኝም። ወረፋ ላይ ቆሜ ወይም መኪና ውስጥ ሆኜ "ይቺ አንቀጽ ልክ ናት?" የሚል መልእክት ይመጣል። በተራ ስልክ ፒዲኤፍ ከፍቶ እያንዳንዱን መስመር ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየጎተቱ ማንበብ ደግሞ ዓይንም ትዕግሥትም ይጨርሳል። ታጣፊ ስልክ የተመኘሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁንና አንድ ዕቃ ልብ ከገባ በኋላ ምክንያት አይጠፋለትም። እንደ መጽሐፍ የሚዘረጋው ዓይነት ደግሞ ዋጋው ከባድ ነው፤ ከጥሩ ተራ ስልክ በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምኞቴን በሆነ ነገር መለካት ፈለግኩ። የጀመርኩትም በወረቀት ነው።

ኤ4 ወረቀት 210 ሚሊሜትር ስፋት አለው። የአንድ ትልቅ ተራ ስልክ ስክሪን ወደ 70 ሚሊሜትር ይጠጋል። እንግዲህ ገጹን በሙሉ ስፋቱ ስልኩ ላይ ሲያዩት ወደ ሲሶ ወርዷል ማለት ነው። በ12 ነጥብ መጠን የተጻፈ ፊደል 4 ነጥብ ይሆናል። ታጣፊው ሲዘረጋ ግን ስፋቱ 120 ሚሊሜትር ያልፋል፤ ያው ፊደል ወደ 7 ነጥብ ይጠጋል። ቁጥሩ ብቻውን ምንም ስላላለኝ አንድ የሥራ ገጽ መረጥኩና አንዴ ወደ 33 በመቶ፣ አንዴ ወደ 57 በመቶ አሳንሼ አተምኩት። ሁለቱን ወረቀቶች ስልክ በምይዝበት ርቀት ይዤ አነበብኳቸው። በትንሿ ላይ "ሉ" እና "ሊ" አይለዩም፤ የፊደሉ እግር ላይ ያለችው ጭረት መሀል ትሁን ታች ዓይን አይይዛትም። በሁለተኛዋ ላይ ግን ደቂቅ ቢሆንም ይነበባል፤ የግርጌ ማስታወሻው ሳይቀር። ያለ ምንም ወጪ ብዙ ነገር የነገረኝ ይህ ሙከራ ነው። ታጣፊ ስልክ ለንባብ አስቦ ለሚመኝ ሰው ሁሉ ይህን አድርግ እላለሁ።

ቀጥሎ ስልኬን ለምን ለምን እንደማነሳው መከታተል ጀመርኩ። መደወል፣ መልእክት መላክ፣ ካርታ ማየት፣ ፎቶ ማንሳት፣ ሂሳብ ማየት። ታጣፊ ቢኖረኝ እነዚህን የማደርገው ሳልዘረጋው ነው። ይህ የውጪው ስክሪን ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ አሳየኝ። የሳምሰንግ የመጀመሪያው ታጣፊ፣ ጋላክሲ ፎልድ፣ የውጪ ስክሪኑ 4.6 ኢንች ብቻ ነበር፤ ጠባብና ረዥም ስለነበር ብዙ ሰው መልእክት ለመጻፍ እንኳ ስልኩን መክፈት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ጋላክሲ ዚ ፎልድ 7 ግን ውጪው 6.5 ኢንች ሆኗል። ተዘግቶ በቅጡ ስልክ የማይሆን ታጣፊ ውስጡ የፈለገውን ያህል ቢያምር አይገዛም። በየቀኑ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚያዘው ተዘግቶ ነውና።

ቪዲዮንም አሰላሁት፤ ብዙ ሰው ታጣፊ የሚመኘው ለፊልም ስለሆነ። የተዘረጋው ስክሪን ወደ አራት ማዕዘን እኩልነት ይጠጋል፤ ቪዲዮ ደግሞ በአብዛኛው 16 ለ9 ነው። ስለዚህ ከላይና ከታች ጥቁር ቦታ ይቀራል፤ ከስክሪኑ ሲሶ የሚሆነው ባዶ ነው። 7.6 ኢንች የሆነ ታጣፊና 6.8 ኢንች የሆነ ተራ ስልክ አጠገብ ላጠገብ ቢቀመጡ የቪዲዮው ስፋት የሚበላለጠው 2 ሳንቲሜትር በማይሞላ ነው። ለሁለት ሳንቲሜትር ይህን ያህል ገንዘብ አላወጣም።

እንደ ዱቄት መቀቢያ መስታወት ከላይ ወደ ታች የሚታጠፈውንም ዓይነት አይቼው ነበር። ያምራል፤ ኪስ ውስጥ ቦታ አይዝም፤ ግማሹን አጥፎ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ፎቶ መነሳት ይመቻል። ግን ሲከፈት ያው ተራ ስልክ ነው፤ አንዲት ተጨማሪ መስመር አያሳየኝም። የእኔ ጉዳይ ስላልሆነ እዚያው ተውኩት።

ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ከአንድ ባልደረባዬ ስልኩን ለጥቂት ቀን ተዋስኩ። ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ መነካካትና ከዕቃው ጋር መዋል በጣም ይለያያል። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያየው መሀል ላይ ያለውን የእጥፋት መስመር ነው። እኔም በመጀመሪያው ሰዓት ዓይኔ ከእሷ ላይ አልተነሳም። ነጭ ገጽ ላይ ፊት ለፊት ሲያነቡ አትታይም ማለት ይቻላል። መብራት ከጎን ሲመታው ወይም ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ግን ቁልጭ ብላ ትወጣለች። አውራ ጣቴ ገጽ ሲገፋ ሁልጊዜ ይሰማኛል፤ ትንሽ ሰርጎድ ይላል። በማግስቱ ማንበብ ላይ ሳተኩር ረሳኋት። የሚገርመው ያልጠበቅኩት ነገር ነው የበለጠ ያስቸገረኝ፤ በአንድ እጅ መክፈት። ሌላው እጅ ቦርሳ ከያዘ ስልኩ ተዘግቶ ይቀራል። ቆሞ ለሚያነብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ደስ ያለኝ ደግሞ ሁለት አፕ ጎን ለጎን መክፈት ነው። በግራ ፒዲኤፉ፣ በቀኝ ረቂቁ። እያንዳንዱ ግማሽ ከተራ ስልክ ብዙም የማያንስ ስፋት አለው። ኪቦርዱ ሲነሳ ቁመቱ ግማሽ ይሆናል፤ ስለዚህ ረዥም ጽሑፍ አይጻፍበትም። እያዩ ለማረም፣ ቃል ለመቀየር፣ ቁጥር ለማመሳከር ግን ሌላ ስልክ አይወዳደረውም። በዚያ ሰሞን አንድ ሰንጠረዥ የበዛበት ሪፖርት መኪና ውስጥ ሆኜ አመሳከርኩ። ስጨርስ ልቤ ወስኖ ነበር።

የቀረው ፍርሃት "ይሰበራል" የሚለው ነው። ይህን ዝም ብዬ ላልፈው አልፈለግኩም፤ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ነበረብኝ። የሚታጠፍ ስክሪን ኦሌድ የሚባለው፣ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚያበራው ዓይነት ነው፤ የተሠራውም በጠንካራ መስታወት ላይ ሳይሆን በፕላስቲክ ላይ ነው። ከላዩ እጅግ ቀጭን መስታወት ይደረጋል። ሳምሰንግ በ2020 ከላይ ወደ ታች በሚታጠፈው ስልኩ፣ በዚ ፍሊፕ፣ ያመጣው መስታወት ውፍረቱ 30 ማይክሮሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ መከላከያ ፕላስቲክ ፊልም አለ። ጣታችን የሚነካው ይህንን ፊልም ነው። ስለዚህ "መስታወት ነው" ቢባልም ጥፍር ያሰምርበታል። ሲታጠፍ ውስጠኛው ንብርብር ይጨመቃል፣ ሌላው ይሳባል፤ መስመሯ የምትመጣው ከዚህ ነው። አዳዲሶቹ ማጠፊያዎች ስክሪኑን ውስጥ ለውስጥ በጠብታ ቅርጽ ያጠቀልሉታል። እጥፋቱ ሰፋ ስለሚል መስመሯ ትለዝባለች፤ ስልኩም ያለ ክፍተት ግጥም ይላል።

ታሪኩም ያስተምራል። የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ ታጣፊ ስልክ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የወጣው፣ ሮዮል የተባለው ኩባንያ ፍሌክስፓይ ነው። ዓለም ያወቀው ግን በ2019 በጋላክሲ ፎልድ ነው። ስልኩ በሚያዝያ ሊሸጥ ታቅዶ ነበር። ቀድመው የደረሳቸው አንዳንድ ጋዜጠኞች ከላይ ያለውን ፊልም ለማጓጓዣ የተለጠፈ መስሏቸው ላጡት፤ ስክሪኑም ሞተ። ሌሎቹ ዘንድ ደግሞ በማጠፊያው በኩል ቆሻሻ ገብቶ ስክሪኑን ከሥር ገፋው። ሽያጩ እስከ መስከረም ተራዘመ፤ ፊልሙ ከጠርዙ ሥር እንዲገባ ተደርጎ፣ ክፍተቶቹ ተደፍነው ወጣ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። ያኔ ተዘግቶ 17 ሚሊሜትር ገደማ የነበረውና 276 ግራም የሚመዝነው ስልክ፣ በፎልድ 7 ላይ 8.9 ሚሊሜትርና 215 ግራም ሆኗል። የማይታጠፈው የሳምሰንግ ስልክ፣ ኤስ25 አልትራ፣ 218 ግራም ነው። ታጣፊው ከማይታጠፈው ቀለለ ማለት ነው።

አምራቾች የሚያወሩት ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ ነው። ሳምሰንግ ለዓመታት 200,000 ጊዜ ሲል ቆይቶ በፎልድ 7 ወደ 500,000 አድርሶታል። በቀን 100 ጊዜ ለሚከፍት ሰው 200,000 ራሱ ከአምስት ዓመት በላይ ነው። በእኔ ግምት ይህ ቁጥር ሊያስጨንቅ አይገባም። የሚያስጨንቀው አቧራ ነው። ውኃ የሚቋቋም ታጣፊ በ2021 በዚ ፎልድ 3 መጣ፤ ደረጃው አይፒኤክስ8 ነበር። አይፒ አቧራና ውኃ የመቋቋም ደረጃ ነው፤ የፊተኛው ቁጥር ለአቧራ፣ የኋለኛው ለውኃ። እዚያ ላይ "ኤክስ" ማለት ለአቧራ የተሰጠ ደረጃ የለም ማለት ነው። በ2024 ፎልድ 6 አይፒ48 ሆነ፤ 4 ቁጥር የሚመልሰው ከ1 ሚሊሜትር በላይ የሆነ ነገር ነው። ደቃቅ አሸዋ ከዚያ ያንሳል። በ2025 የወጣው የጎግሉ ፒክስል 10 ፕሮ ፎልድ ነው መጀመሪያ አይፒ68 ያገኘው። ስልክ ስትመርጡ ከማስታወቂያው ሁሉ ቀድማችሁ ይህችን ቁጥር እዩ።

በመጨረሻ የገዛሁት የዚያን ዓመት አዲሱን ሳይሆን የቀደመውን ሞዴል ነው፤ ዋስትናው ያላለቀ። ታጣፊዎች አዲስ ሲወጣ የፊተኛው ዋጋ ቶሎ ይወርዳል። ከመክፈሌ በፊት የጠየቅኩት ጥያቄ አንድ ነው፤ የውስጠኛው ስክሪን ፊልም ሲነሳ የሚቀይርልኝ ማነው? ይህ ጥያቄ በጣም ጠቅሞኛል። ከወራት በኋላ ፊልሙ መሀል መስመሯ ላይ መነሳት ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነች ነጭ መስመር ነበረች፤ ቀጥሎ አየር ገብቶበት ሰፋች። የሄድኩበት የመጀመሪያው ጥገና ቤት ሙሉ ስክሪኑ ይቀየር አለኝ፤ የጠራልኝ ዋጋ ሌላ ስልክ የሚገዛ ነው። ስክሪኑ ደህና እንደሆነ፣ የተበላሸው ፊልሙ ብቻ እንደሆነ ስለማውቅ ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ሌላ ቦታ መሣሪያው ያላቸው ሰዎች ፊልሙን ብቻ ቀየሩልኝ፤ ስክሪኑ እንደ አዲስ ሆነ። የሚቀየር ነገር መሆኑን የማያውቅ ሰው ግን እዚያው ከፍሎ ይወጣ ነበር። ፊልሙን በራስ እጅ መላጥ ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው፤ ሥሩ ያለው መስታወት ከፀጉር የቀጠነ ነው።

አጠቃቀሜም ተለውጧል። ስልኩ ካለበት ኪስ ቁልፍም ሳንቲምም አይገባም። ከመዝጋቴ በፊት ስክሪኑን በዓይኔ እቃኛለሁ፤ አንዲት ፍርፋሪ መሀል ላይ ሆና ከተዘጋ ጉዳቷ የጠጠር ነው። አሸዋ ባለበት ቦታ አልከፍተውም። ለሰው ሳቀብልም "በጥፍርህ አትጫነው" እላለሁ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚከብደው ሰው ይኖራል፤ ስልኩን ወርውሮ የሚያነሳ ሰው በታጣፊ ደስተኛ አይሆንም። ባትሪውም ይታሰብበት። በቀጭን አካል ውስጥ ለባትሪ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው፤ ፎልድ 7 ያለው 4,400 ሚሊአምፔር ሰዓት ሲሆን የአልትራው 5,000 ነው። ትልቁን ስክሪን ከፍቼ የዋልኩ ቀን ወደ ማታ ቻርጀር ፈላጊ ነኝ። ካሜራውም በተመሳሳይ ዋጋ ከሚገኝ ተራ ስልክ ያንሳል፤ ለሌንስ የሚሆን ጥልቀት የለውም።

ይህን ሁሉ ቆጥሬም ስልኩን እወደዋለሁ። ሥራዬን ከላፕቶፕ ነፃ አድርጎልኛል። ቀድሞ "ቤት ስደርስ አየዋለሁ" የምለውን አሁን እዚያው ጨርሼ እልካለሁ። ይህ ለእኔ ገንዘብም ነው፣ እፎይታም ነው።

በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ ልግዛ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስልክህ ላይ ምን ታደርጋለህ አልኩት። ኳስ አያለሁ፣ አወራለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ አለ። የቪዲዮውን ሒሳብ አሳየሁትና ባትሪውና ካሜራው የሚበልጥ ተራ ስልክ እንዲገዛ መከርኩት፤ እሱም እንዲሁ አደረገ። ኮንትራትና ንድፍ በስልክ የምታይ እህቴን ግን የእኔን ስልክ ሰጥቼ ለጥቂት ቀን እንድትሠራበት አድርጌያለሁ፤ አሁን የእሷን እየፈለገች ነው።

እኔ ደግሞ ዓይኔን የጣልኩት ሦስት ቦታ የሚከፈለው ላይ ነው። ሁዋዌ በ2024 መስከረም ያወጣው ሜት ኤክስቲ ሲዘረጋ 10.2 ኢንች ነው፤ ለኤ4 ገጽ ከዚህ የተሻለ ኪስ የሚገባ ነገር አላየሁም። ግን ሲታጠፍ ከሚታጠፈው ስክሪን የተወሰነው ክፍል ውጪ ይቀራል፤ ለስላሳ ስክሪን ለኪስና ለመውደቅ ተጋልጦ መዋሉ አልተዋጠልኝም። ለስላሳው ስክሪን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ የአቧራ ደረጃው 6 ሆኖ፣ ፊልሙን የሚቀይርልኝ ሰው በቅርብ ሲኖር የያዝኩትን እቀይራለሁ። እስከዚያው ይኸኛው ሥራዬን እየሠራልኝ ነው።