ሳያንኳኩ መግባት

ዛሬ አክስቴን ልጠይቅ አረጋውያን መንከባከቢያው ሄጄ ነበር። ስንጫወት በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ሠራተኛዋ ሳታንኳኳ ገባችና እኔን "መድኃኒታቸውን ወስደዋል?" አለችኝ። አክስቴ እኮ ፊቷ ተቀምጠዋል! ጆሯቸውም ደህና ነው።

"ተወው ልጄ፣ ለምጄዋለሁ" አሉኝ። ይቺ "ለምጄዋለሁ" ናት ያንገበገበችኝ።

ስወጣ ኃላፊዋን አነጋገርኳት። (መጀመሪያ የአክስቴን ፈቃድ ጠይቄ ነው፤ አለበለዚያ እኔም ከሠራተኛዋ በምን እሻላለሁ?) ክፍሉ ቤታቸው ነው፣ ይንኳኳ አልኩ። ማታ ማታ የሚሰጣቸው የእንቅልፍ ኪኒንም ለምን እንደሆነ ለራሳቸው ይነገራቸው። ሠራተኛ ስላነሰ ሰውን አስተኝቶ ማሳደር ሕክምና አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እንደ አውሮፓውያኑ በ1991 ያጸደቃቸው የአረጋውያን መርሆዎች፣ በመንከባከቢያ የሚኖር ሰው ግላዊነቱ እንዲከበርና ስለ እንክብካቤው ራሱ እንዲወስን ይላሉ። አዲስ ነገር አልጠየቅኩም።

እውነት ለመናገር ሠራተኞቹም አሳዝነውኛል። አንዷ ለስንቱ ትድረስ? ግን ማንኳኳት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ኃላፊዋ ጽፋ ይዛለች። በሚቀጥለው የእንክብካቤ ዕቅድ ስብሰባ አክስቴ ራሳቸው ይገኛሉ። ደውዬ ስነግራቸው "ምን ልልበስ?" አሉኝ።