ዲኤክሷ ዳገት ላይ ስትጠፋብኝ

ከጎንደር ወደ ኮሶዬ የሚያወጣው ዳገት ላይ ነው የጀመራት። እናቴን ይዤ አምባ ጊዮርጊስ ለቅሶ እየሄድን ነበር። አሮጌዋ ቶዮታ መኪናዬ፣ ዲኤክሴ፣ መጀመሪያ ጉልበት አጣች። ከዚያ ተንገጫገጨችና ጸጥ አለች። ደጋግሜ ብሞክርም አልነሳ አለች። «ተዋት ልጄ፣ ደክሟት ነው። ትንሽ ትረፍ» አለችኝ እናቴ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቼ ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ተነሳች።

ነገሩ ተደጋገመ። አንዱ መካኒክ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) እና ፊልትሮ (ማጣሪያውን) አስቀየረኝ። ሌላው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈትቶ አጠበው። ሦስተኛው «የጎንደር ከፍታ ነው» አለኝ። እውነት ነው፣ ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ የካርቡራተር መኪና ጉልበቷ ይቀንሳል። ግን ከፍታ ከሆነ አሥር ደቂቃ ስታርፍ ለምን ይተዋታል? የእናቴ ነገር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ስትቆም የሚለቃት ነገር አለ ማለት ነው።

ሙቀት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ቤንዚን ቱቦ ውስጥ ሲፈላ እንፋሎቱ መንገድ ይዘጋል። እሷ ግን በማለዳ ብርድም ትጠፋለች። የታንከሩ ክዳን አልተነፍስ ብሎም እንደሆነ ብዬ፣ በጠፋች ቁጥር ከፈትኩት። ለውጥ የለም።

በመጨረሻ ቤንዚኑን ራሱን ልየው አልኩ። ግቢ ውስጥ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሞተሩ እንዳይነሳ ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን የቦቢናውን ገመድ ነቀልኩ። ወደ ካርቡራተሩ የሚገባውን ጎማ ሃይላንድ ውስጥ ከተትኩት። ወንድሜ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ሲያዞር ቤንዚኑ በኃይል ወጣ። «ቀጥል» አልኩት፣ እያሳረፈ አዞረ። ሃይላንዱ ሩብ ሳይሞላ የቤንዚኑ አወራረድ ቀጠነ፣ ከዚያ ጠብታ ብቻ ሆነ። አሁን የፖምፓውን (የቤንዚን መሳቢያውን) መምጠጫ ጎማ ከታንከሩ መስመር ነቅዬ ትንሽ ጀሪካን ውስጥ ነከርኩት። ሳይቋረጥ ወረደ! ፖምፓው ደህና ነው። ልቀይረው ገንዘብ ሳዘጋጅ ነበር።

ታንከሩን አስወረድኩ። ስናራግፈው የቡና አተላ የመሰለ ዝገት ወጣ። መምጠጫው ጫፍ ላይ ያለችው ወንፊት ግማሽ ጎኗ ተደፍኗል። ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ሲስብ ዝገቱ ወንፊቷ ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ ሲጠፋ የሚስበው ስለሌለ ይረግፋል። እረፍቷ ይኸው ነበር።

ታንከሩን በደንብ አሳጥበን አደረቅነው። የደረቁትን ጎማዎችም ቀየርኩ። ከታንከር እስከ ፖምፓ ያለ ጎማ ሲሰነጠቅ አየር ይስባል እንጂ ብዙ ጊዜ አያንጠባጥብም። ስለዚህ ከሥሩ ደረቅ ነው ብላችሁ አትለፉት። ታንከራችሁ ቀዳዳ ካለው ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ባዶ ነው ብላችሁ ብየዳ አታስነኩት። ውስጡ የቀረው እንፋሎት ይፈነዳል።

አሁን ጥርጣሬ ሲገባኝ የምጀምረው ከሃይላንዷ ነው፤ ካንዴላ የምገዛው ከዚያ በኋላ ነው። መንገድ ዳር በጠርሙስ የገዛሁትን ቤንዚን በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልዬ እቀዳለሁ። ታንከሩንም ከግማሽ በታች ብዙ ቀን አላቆየውም፤ ባዶው ቦታ ላይ ሌሊት ጤዛ ይይዛል፣ ዝገቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው።