«ሰፈሩ ጥሩ ነው ወይ?» አትበሉኝ

ላይሰንሴ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። መማር ካለብኝ 16 ሰዓት የጨረስኩት 5ቱን ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ፤ ምንም ሰበብ የለኝም።

ለማታውቁት፣ ቨርጂንያ ውስጥ ቤት የሚያሻሽጥ ኤጀንት ላይሰንሱን በየሁለት ዓመቱ ያሳድሳል። ለዚያ 16 ሰዓት ይማራል፤ ብሮከር ከሆነ (ከኤጀንት ከፍ ያለ ላይሰንስ ያለው) 24። ገና ላይሰንስ ያወጣ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት 30 ሰዓት አለበት። እያንዳንዱ ስቴት የየራሱ ቁጥር አለው። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ በ4 ዓመት 45 ሰዓት ትጠይቃለች።

እኔ የምማረው ኦንላይን ነው። ኮርሱ ሰዓት ቆጣሪ አለው፤ ገጹን ቶሎ ብታነቡትም ጊዜው ሳይሞላ አያሳልፋችሁም። ለተወሰነ ደቂቃ ካልነካችሁት ደግሞ «አለህ ወይ?» ይላል። ባለፈው ሳምንት ደንበኛ ደወለልኝና 20 ደቂቃ አወራሁ። ስመለስ አስወጥቶኛል፤ የኮንትራቱን ምዕራፍ እንደገና ከመጀመሪያው! የሚለካው የተቀመጥኩበት ሰዓት እንጂ የገባኝ ነገር አይደለም። ይሄ ቅሬታዬ እስከ ዛሬ አልበረደም።

የፌር ሃውዚንጉን ክፍል ግን አላማውም፤ ቤት ሲሸጥና ሲከራይ አድልዎን ስለሚከለክለው ሕግ የሚያስተምረውን።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ አባት ቤት እያሳየኋቸው «ልጄ፣ እዚህ ሰፈር ሐበሻ አለ?» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ «ሞልቷል ጋሼ! ያኛውን ሰፈር ግን ይተዉት፣ ማንም የለ፣ ይከፋዎታል» አልኳቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ከወራት በኋላ ኮርስ ላይ ተቀምጬ አስተማሪው «ስቲሪንግ» የሚባለውን ሲያስረዳ ጆሮዬ ጋለ። ሰውን በዘሩ ወይም በመጣበት አገር ምክንያት ወደ አንዱ ሰፈር መምራት፣ ከሌላው ማራቅ ማለት ነው። እኔው ነኝ! ደንበኛው ራሱ መጠየቁ አያድንም። የራሴ ወገን መሆኑም አያድንም።

የፌር ሃውዚንግ ሕጉ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1968 ነው። አድልዎ የሚከለከልባቸው መጀመሪያ ዘር፣ የቆዳ ቀለም፣ ሃይማኖትና የመጣበት አገር ነበሩ። በ1974 ፆታ፣ በ1988 አካል ጉዳትና ልጆች ያሉት ቤተሰብ ተጨመሩ። ቨርጂንያ ደግሞ በ2020 የገቢ ምንጭን አከለች፤ ስለዚህ አከራይ «የመንግሥት የኪራይ ድጎማ (ቫውቸር) አልቀበልም» ብሎ ተከራይ መመለስ እንደ ድሮው አይችልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልጆች ላይ ነው። «ፀጥ ያለ ነው፣ ልጅ ለሌላቸው ይመቻል» ብሎ ማስታወቂያ ላይ መጻፍ ክስ ሊያመጣ ይችላል።

አሁን እንዲህ እላለሁ፦ «ጋሼ፣ የት መኖር እንደሚፈልጉ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ቤቱን እኔ እፈልጋለሁ። የቤተ ክርስቲያንዎን አድራሻ ይስጡኝና ርቀቱን እለካልዎታለሁ።» ወንጀል ካሳሰባቸው የፖሊስን ድረ ገጽ አሳያቸዋለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል። «አንቺማ ፈረንጅ ሆንሽ» ያለኝም አለ።

እህቴ አፕሬዘር ናት። ባንክ ከማበደሩ በፊት የቤቱን ዋጋ ገምታ ሪፖርት የምትጽፈው እሷ ናት። የሷ ከእኔ ይብሳል፤ በሁለት ዓመት 28 ሰዓት ትማራለች። ከዚያ ውስጥ 7ቱ «ዩስፓፕ» የሚሉት የሙያቸው መመሪያ ነው፤ እያንዳንዱ አፕሬዘር በየሁለት ዓመቱ አዲሱን ይወስዳል። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ በግምት ላይ ስለሚታይ አድልዎና ስለ ፌር ሃውዚንግ መማር ግዴታ ሆኗል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ 7 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ 4።

የሷን ሪፖርት ያነበበ ሰው የሚገርመው ቅጽል የሌለው መሆኑ ነው። «ጥሩ ሰፈር» አትልም። «ከባቡር ጣቢያው 0.6 ማይል» ትላለች። «ሰላማዊ» አትልም፤ ቅርብ ጊዜ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ዋጋ ትደረድራለች። ድሮ «ቅጽል አልቆብሽ ነው?» እያልኩ እቀልድባት ነበር። አሁን የቤት ማስታወቂያ ስጽፍ እደውልላታለሁ፣ እሷም ግማሹን ታስፍቀኛለች። (አንድ ቤት ላይ ግን አብረን አንሠራም። ኤጀንት አፕሬዘርን ዋጋው ላይ መጫን አይችልም፤ ያውም እህትማማች ሆነን!)

ትናንት ማታ ስንት ሰዓት እንደቀረኝ ስነግራት አልሳቀችም። የሷን 28 ሰዓት ከጨረሰች ወራት አልፈዋል።

ደንበኞቼ፣ ይህን ሳምንት ቀን ቀን ስልክ ካላነሳሁ አትቀየሙኝ። ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ የኮንትራቱን ምዕራፍ ለሦስተኛ ጊዜ እየጀመርኩ ነው። ማታ እደውላለሁ።